ስለ አደራና ስለ ምስክርነት

ሥልጣን የተሰጠው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ አንደኛው፣ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ጊዜው እስኪደርስ ድረስ በብልሃት ማቆየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያቆየውን ሥራ ለማንና ስለ ምን እንዳቆየው እስከ ፍጻሜው ድረስ ሳይዘነጋ መያዝ ነው። የመጀመሪያው ከጥበብ የሚወለድ ስለሆነ በየዘመኑ ብዙዎች አግኝተውታል፤ ሁለተኛው ግን ከታማኝነት የሚወለድ በመሆኑ፣ ጥበቡ እየረቀቀ በሄደ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል፤ አንዲት ቅጽበት የተዘነጋ እንደሆነም የመጀመሪያውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ሥራን ማቆየት በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ያለው፣ አንድ ጊዜ ፈጽመነዋልና ከእንግዲህ አይመለከተንም ብሎ የተጠየቁትን ነገር ከመዝገብ በመፋቅ ላይ ነው።

የሥነ ምግባር ነገር ብቻ መስሎ የሚታየው ይህ ቁም ነገር፣ በዘመናችን ጎልቶ የሚገኘው ከእልፍ ተጠቃሚዎች አንዱ እንኳ ገልጦ በማያየው ስፍራ፣ ማለት በኮምፒዩተር ስርዓተ ክወና እምብርት ውስጥ ነው። ከርነል የተባለው ይህ እምብርት ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት መሠረት ሆኖ፣ ፕሮሰሰሩን በተራ የሚያድል፣ ፋይሎችን የሚጠብቅ፣ ይልቁንም ማህደረ ትውስታውን ለእያንዳንዱ እየለካ የሚሰጥ ባለአደራ ነው። ባለአደራ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተራ ፕሮግራም የማህደረ ትውስታውን እውነተኛ አድራሻ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይፈቀድለትም። በ1962 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር መንገዱን ካሳየ ወዲህ፣ ፕሮግራሙ የሚያየው የተዘጋጀለትን ምናባዊ ስፍራ ብቻ ነው። ያም ስፍራ ብዙውን ጊዜ 4,096 ባይት በሚይዙ ገጾች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ገጽ በእውነተኛው ማህደረ ትውስታ ላይ የት እንደሚገኝ የገጾች ሰንጠረዥ በተባለው መዝገብ ይሰፍራል። ከአድራሻውም ጋር ጥቂት ምልክቶች አብረው ይጻፋሉ፤ ገጹ መኖር አለመኖሩን፣ ሊጻፍበት መፈቀዱን ወይም ለንባብ ብቻ መሆኑን፣ ተጽፎበት እንደሆነም ማደፉን የሚናገሩ ናቸው። የዚህ ሐተታ ነገር የሚዞረው በእነዚህ ጥቃቅን ምልክቶች ላይ ነው።

አንድ ፕሮግራም ራሱን አባዝቶ ልጅ ሲወልድ፣ ወይም አንድን ፋይል ለግሉ አድርጎ ወደ ማህደረ ትውስታው ሲያመጣ፣ ሕጉ ለእያንዳንዱ የራሱ ግልባጭ ይገባዋል ይላል። ዳሩ ግን ከርነሉ ሁሉን ወዲያው ቢገለብጥ፣ አብዛኛው ገጽ ከንባብ በቀር ለሌላ የማይፈለግ ሆኖ ሳለ ጊዜውም ስፍራውም በከንቱ ባለቀ ነበር። ስለዚህ ቴኔክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ገና ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እንደሠራበት፣ ከእርሱም በኋላ የተነሡት ታላላቅ ስርዓቶች ልማድ እንዳደረጉት፣ ግልባጩ የሚሠራው የሚጽፍ ሲመጣ ብቻ ነው። አንድ ደብር ያለውን አንድ የብራና መጽሐፍ ብዙ ደቀ መዛሙርት በጋራ እያነበቡ ሳለ፣ ከመካከላቸው አንዱ በኅዳጉ ላይ የራሱን ትርጓሜ መጻፍ ሲወድ፣ የመጻሕፍቱ ጠባቂ ያን አንዱን ቅጠል አስገልብጦ «በዚህ ላይ ጻፍ፤ ዋናውን ግን አትንካ» እንደሚለው ማለት ነው። ሌሎቹ ሳያውቁት ንባባቸውን ይቀጥላሉ፤ የጻፈውም የጻፈውን ያገኛል፤ ዋናው መጽሐፍም እንደ ተጻፈ ይኖራል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሳያነሣ አያልፍም። ከርነሉ ለፕሮግራሙ «ይህ ገጽ የግልህ ነው» ሲለው ገጹ በእውነት የጋራ ከሆነ፣ ነገሩ ሐሰት አይደለምን? ለእኔ ሐሰት መስሎ አይታየኝም፤ ስለ ምን ቢሉ፣ ቃል ኪዳን እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ የሚለየው ቃሉ በተነገረበት ሰዓት ባለው ይዞታ ሳይሆን፣ የሚፈለግበት ሰዓት ሲደርስ በሚያገኘው ፍጻሜ ነውና። ፕሮግራሙ መጻፍ በፈለገባት ቅጽበት የራሱ ገጽ ከተገኘለት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የራሱ እንደ ነበረ ይቆጠራል፤ ካልተገኘለት ግን፣ ቀድሞ የተነገረው ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሐሰት ይሆናል። እንግዲህ የዘገየ ሥራ እውነትነቱን በሙሉ በአንዲት የወደፊት ቅጽበት ላይ የጣለ ስለሆነ፣ ያችን ቅጽበት የሚጠብቅ ኅሊና፣ ወይም የኅሊናን ቦታ የሚይዝ መዝገብ፣ ሳያንቀላፋ መኖር አለበት።

በኦክቶበር 2016 እ.ኤ.አ. «ደርቲ ካው» በሚል ስም የታወቀው፣ በደኅንነት ሕጸጾች መዝገብም ሲቪኢ-2016-5195 የተባለው የሊኑክስ ከርነል ሕጸጽ፣ ይህ ጥበቃ አንዲት ቅጽበት ባንቀላፋ ጊዜ የሚሆነውን ያሳየናል። ሊኑክስ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሆኖ፣ ዛሬ ከታላላቅ ሰርቨሮች አንሥቶ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ በኪሱ ይዞት የሚዞር ከርነል ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የሚገኝ ሕጸጽ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሙያ ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ተጠቃሚ ሊያነበው እንጂ ሊጽፍበት ያልተፈቀደለት ፋይል አለ እንበል፤ የኮምፒዩተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ ከነሥልጣናቸው የተዘረዘሩበት ፋይል ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚው ፋይሉን ለግሉና ለንባብ ብቻ ብሎ ወደ ማህደረ ትውስታው ያመጣዋል፤ ይህ የተፈቀደ ነው። ከዚያም፣ ፕሮግራም የራሱን ማህደረ ትውስታ እንደ ፋይል እንዲያየው ከርነሉ በከፈተለት ልዩ በር በኩል፣ በዚያ ገጽ ላይ ልጻፍ ይላል። በሩ በቸልታ የተከፈተ አይደለም፤ የሌላውን ፕሮግራም ስሕተት የሚመረምር መሣሪያ፣ ሥራውን በፈለገው ነጥብ ላይ ለማቆም፣ ለንባብ ብቻ በተባለው ገጽ ላይ የማቆሚያ ምልክት ማስገባት ግድ ይሆንበታልና፣ ከርነሉ ለዚህ ሲል የተለየ ፈቃድ ሠርቶ ግልባጭ ያዘጋጅና በግልባጩ ላይ ይጽፍለታል። ዋናው እስካልተነካ ድረስ ሕጉ አልተጣሰም።

ከርነሉ ይህን ሲፈጽም በአንድ ጊዜ አይጨርሰውም፤ እስኪሳካለት ድረስ ይመላለሳል። በመጀመሪያው ዙር «ልጽፍ ነው» የሚል ጥያቄ ይዞ ገጹን በሰንጠረዡ ይፈልጋል፤ ለንባብ ብቻ መሆኑን ባየ ጊዜም ተመልሶ ግልባጩን ያሠራል። ነገር ግን ስፍራው ራሱ ለንባብ ብቻ የተባለ ስለሆነ፣ አዲሱ ግልባጭም ቢሆን መጻፍን የሚፈቅድ ምልክት አይሰጠውም፤ እንግዲህ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ሁለተኛ ቢፈልግ ሁለተኛ ይመለሳል፤ ሦስተኛም ቢፈልግ እንዲሁ ነው። ከዚህ ማለቂያ ከሌለው ምልልስ ለመውጣት የተበጀው መላ፣ ግልባጩ ተሠርቷልና «ልጽፍ ነው» የሚለውን ጥያቄ ሰርዞ፣ በሚቀጥለው ዙር እንደ አንባቢ ሆኖ ገጹን መፈለግ ነበር።

በሁለቱ ዙሮች መካከል ግን እጅግ አጭር የሆነች ቅጽበት አለች። በዚያች ቅጽበት የዚያው ፕሮግራም ሌላ የሥራ ክር፣ ከመጀመሪያው ጎን እየሮጠ፣ «ይህ ገጽ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» የሚል፣ በራሱ ሕጋዊ የሆነ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከርነሉም ታዝዞ ግልባጩን ይጥላል። ወዲያው የመጀመሪያው ሥራ ተመልሶ ገጹን ሲፈልግ ያጣዋል፤ ስለዚህ እንደገና ያስመጣዋል። አሁን ይዞት የቆመው ጥያቄ ግን የአንባቢ ጥያቄ ነው፤ ለአንባቢ ደግሞ ግልባጭ አይሠራለትም፤ የሚሰጠው የሁሉ የሆነው ዋናው ገጽ ነው። ከርነሉም ግልባጩን የያዘ መስሎት፣ ለተጠቃሚው ከቶ ያልተፈቀደውን ጽሕፈት በዋናው ላይ ያሰፍራል። በዚህ መንገድ ምንም ሥልጣን ያልነበረው ሰው የኮምፒዩተሩ ሁሉ ጌታ ለመሆን በቃ።

እንግዲህ ጥፋቱ ከየትኛው እርምጃ ላይ ነው? ፋይሉን ለንባብ ማምጣት የተፈቀደ ነው፤ ግልባጭ ማሠራት የተገባ ነው፤ የማያስፈልገውን ገጽ መጣል የባለቤቱ መብት ነው፤ የጠፋውን ገጽ ለአንባቢ መልሶ ማምጣትም የከርነሉ የዕለት ተግባር ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ በደሉ የሚታየው ሁሉም በተራቸው በአንድ ላይ ሲቆጠሩ ነው። «ገልብጫለሁ» የሚለው ቃል ስላለፈ ግብር ይናገራል፤ «ግልባጩ በእጄ ነው» የሚለው ደግሞ አሁን ስላለ ህላዌ ይናገራል፤ ከርነሉ በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ሳይመረምር ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። የሰው ልጅም ብዙ ጊዜ የሚስተው በዚህ ነው፤ አንድ ጊዜ ያደረገውን መልካም ሥራ ዛሬም የጸና ሀብቱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሥራው በመካከል ፈርሶ እንደሆነ ግን ዞር ብሎ አያይም።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ጥፋት ደግሞ አለ። ከርነሉ ያለፈውን ካለው ጋር ማደናገሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ዋናውን ገጽ ባገኘ ጊዜ «ይህ የሚጻፍበት አይደለም» ብሎ ሊነቃ በቻለ ነበር፤ ምክንያቱም እውነቱ በሰንጠረዡ ላይ ተጽፎ በፊቱ ነበረ። እንዳይነቃ ያደረገው ጥያቄውን አስቀድሞ መሰረዙ ነው። ሊጽፍ መምጣቱን ስለ ረሳ፣ በፊቱ የነበረው ክልከላ እርሱን የሚመለከት አልመሰለውም። የሚሳሳት ሰው ስሕተቱን የሚያሳውቀው ነገር እስካለው ድረስ የመመለስ ተስፋ አለው፤ በምን እንደ ተጠየቀ የዘነጋ ሰው ግን እውነቱን በዓይኑ እያየ ያልፈዋል።

ይህ ሕጸጽ በ2016 የተወለደ አይደለም። ቶርቫልድስ ማረሚያውን ሲያስገባ በጻፈው ማብራሪያ፣ ነገሩ የቆየ መሆኑን፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊትም እርሱ ራሱ ሊያርመው ሞክሮ መልካም አድርጎ እንዳላረመው ማንም ሊያነበው በሚችል መዝገብ ላይ በግልጽ አስፍሯል። በኦገስት 2005 የገባው የመጀመሪያው ማረሚያ፣ የማደፍን ምልክት ምስክር አድርጎ የሚጠይቅ ነበር፤ ዳሩ ግን ኤስ390 በተባሉት የአይቢኤም ትላልቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ምልክቱ በገጾች ሰንጠረዥ ላይ ሳይሆን ከእውነተኛው ገጽ ጋር በተያያዘ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ ስለነበር፣ ምስክሩ ሲጠራ የማይገኝ ሆነና ማረሚያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሣ። የቀረውም አደጋ በአሳብ እንጂ በግብር የማይደርስ ተብሎ ተቆጠረ።

በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፤ የማይሆንና እምብዛም የማይሆን በባሕርያቸው የተለያዩ ሲሆኑ፣ በዕለት ኑሮ ግን እንደ አንድ ይቆጠራሉና። በሰከንድ ብዙ ሚሊዮን ትእዛዝ በሚፈጽም መሣሪያ ላይ እምብዛም የማይሆን ነገር የሚሆንበትን ቀን ብቻ የሚጠብቅ ነው። ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ አንድ ፕሮሰሰር «ኮር» የተባሉ ብዙ የሥራ ክፍሎች እየያዘ፣ የማህደረ ትውስታውም አስተዳደር ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲያካሂድ እየተሻሻለ ስለ መጣ፣ ቀድሞ በአሳብ ብቻ የነበረችው ቅጽበት በእጅ የምትያዝ ሆነች፤ ከ2007ቱ ከ2.6.22 ስሪት ጀምሮም ከርነሉ ለጥቃት የተጋለጠ ሆኖ ኖረ። ከ2013ቱ ከ3.9 ስሪት ወዲህ ደግሞ ኤስ390ም ምልክቱን በሰንጠረዡ ላይ እንዲይዝ ተደርጎ ነበር፤ ይህም ማለት እንቅፋቱ ከተነሣ በኋላ የቆየው ሥራ ሳይነሣ ሦስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ በምክንያት የቆየ ሥራ ምክንያቱ ያለፈ ዕለት የሚያስታውሰው ካላገኘ፣ መቆየቱ መተው ይሆናል።

ሕጸጹ ወደ ብርሃን የወጣበትም መንገድ የመዝገብን ክብር የሚመሰክር ነው። ፊል ኦስተር የተባለው ባለሙያ ከሚያስተዳድራቸው የድረ ገጽ ሰርቨሮች አንዱ በወራሪ ተደፍሮ ነበር፤ እርሱ ግን ከዓመታት በፊት ጀምሮ ከውጭ የሚገባውን የድረ ገጽ ግንኙነት ሁሉ ይመዘግብ ስለነበር፣ ወራሪው ያስገባውን ፕሮግራም ከዚያ መዝገብ ውስጥ ፈልቅቆ ለማውጣትና ለሚያርሙት ለማስረከብ ቻለ። ከርነሉ በመርሳቱ የተፈጠረው ጉዳት፣ አንድ ሰው ባለመርሳቱ ተገለጠ።

የ2016ቱ ማረሚያ በብዛቱ ጥቂት መስመር ነው፤ በአሳቡ ግን ሙሉ ነው። በመጀመሪያ «ልጽፍ ነው» የሚለው ጥያቄ መሰረዙ ቀረ፤ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ከጠያቂው ጋር ይኖራል። ሁለተኛ፣ በጥያቄው መሰረዝ ፈንታ «ገልብጫለሁ» የሚል ሌላ ምልክት ከጎኑ ተጨመረ፤ ስለዚህ የተጠየቀውና የተደረገው ሳይደባለቁ ለየብቻቸው ይነበቡ ጀመር። ሦስተኛም፣ ይህ ምልክት ብቻውን አይታመንም ነበር፤ በእያንዳንዱ ዙር ከርነሉ በፊቱ ያገኘው ገጽ በእውነት ያደፈ መሆኑን በሰንጠረዡ ላይ ይመረምር ነበር፤ ግልባጩ በመካከል ተጥሎ እንደሆነ አዲስ የመጣው ገጽ የማደፍ ምልክት ስለማይገኝበት፣ ከርነሉ ቃሉ እንደ ፈረሰ ዐውቆ እንደገና ይገለብጥ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ማረሚያው ምልልሱን ለማሳጠር የተበጀውን መላ ትቶ፣ ምልልሱ እውነትን እስኪያገኝ ድረስ እንዲቀጥል አደረገ።

ታሪኩ በዚህ ቢፈጸም ትምህርቱ በጎደለ ነበር። ከርነሉ ከተራዎቹ ገጾች ሌላ 2 ሜጋባይት የሚይዙ ታላላቅ ገጾችም ስላሉት፣ ይኸው ሥርዓት ወደ እነርሱ ተላለፈ፤ በኖቬምበር 2017 ግን የደኅንነት ተመራማሪዎች በዚያ መንገድ ላይ ሌላ ሕጸጽ አገኙ፤ ሲቪኢ-2017-1000405 ተብሎም ተመዘገበ። በታላላቆቹ ገጾች ላይ የማደፍ ምልክት፣ ምንም ሳይጻፍ፣ ከርነሉ ገጹን በመነካካቱ ብቻ ይደረግ ስለነበር፣ ያልተጻፈበት የጋራ ገጽ ያደፈ ግልባጭ መስሎ ይታይ ነበር። ምርመራው አልተጓደለም፤ ምስክሩም ተጠርቶ መልሷል፤ ነገር ግን ምስክሩ ያላየውን የሚመሰክር ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱም ቀላል ነበር፤ ምልክቱ ለመጻፍ በሚመጣ ጊዜ ብቻ እንዲደረግ ታዘዘ። ምስክርነት ዋጋ የሚያገኘው ከግብሩ ጋር በተጣበቀ መጠን ነው፤ ግብሩ ሳይኖር ምልክቱ የሚገኝበት አንድ መንገድ እንኳ የተከፈተ እንደሆነ፣ በዚያ ምልክት ላይ የተሠራው ፍርድ ሁሉ ይናጋል።

ምናልባት አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ፣ መሣሪያ ነፍስ የለውምና ስለ አደራና ስለ ምስክርነት መናገር ቃላትን ከቦታቸው ማውጣት ነው ይለን ይሆናል። መሣሪያው ነፍስ እንደሌለው እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የከርነል ኮድ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎች በአንድ ሌሊት ወይም በአንድ ወቅት ያደረጉት ፍርድ በጽሑፍ ጸንቶ፣ እነርሱ በሌሉበት ስፍራ፣ ለማያውቋቸው ሰዎች ዕለት ዕለት ሲፈጸም የሚኖር ነው። ምን እንዲታወስና ምን እንዲረሳ የሚወስን ሰው፣ ውሳኔው በብዙ ሚሊዮን ቤት ስለሚፈጸም፣ ከዳኛ ያነሰ ኃላፊነት የለበትም፤ እንዲያውም ተከሳሹም ከሳሹም ችሎቱን የማያዩት ዳኛ ስለሆነ ኃላፊነቱ ይበልጣል። ባንክ የገባ ሰው ሒሳቡን፣ ሐኪም ቤት የገባ ሰው የሕመሙን መዝገብ አምኖ ሲሰጥ፣ አንዱ ገጽ ከሌላው ተለይቶ እንደሚጠበቅ ያመነው ሳያውቀው ነው፤ ሳያውቅ ያመነን ሰው መጠበቅ ደግሞ ዐውቆ ያመነውን ከመጠበቅ የሚከብድ አደራ ነው፤ ሲጎዳም የሚጠይቀውን ሰው አያውቅምና።

ስለዚህ የማህደረ ትውስታን ሕጸጽ የሚያርሙ ሰዎች ሥራ ከጥገና ከፍ ብሎ ሊታይ ይገባዋል እላለሁ። እነርሱ የሚያጸኑት ሥርዓት ለማንኛውም ባለአደራ የሚሆን ነው፤ የተጠየቁትን ነገር እስከ ፍጻሜው አለመሰረዝ፣ የሠሩትን በተጠየቁት ላይ ሳይደርቡ ለብቻው መመዝገብ፣ ምልክትን ከግብር አለመለየት፣ ትናንት የተሠራውንም ዛሬ በሚሠሩበት ሰዓት እንደገና መመርመር። ይህ ሥርዓት ጊዜ ይፈጃል፤ አንድ ዙር የነበረውን ሁለት ዙር ያደርገዋል፤ ፍጥነትን የሚወድ ሰውም ያጉረመርምበታል። ነገር ግን ፍጥነት የተገኘው ሥራን በማቆየት ነበርና፣ የቆየው ሥራ ዕዳ አለበት፤ የዕዳውም ክፍያ ይህ ምርመራ ነው። ይህን ክፍያ የሚሸሽ ከርነልም ሆነ መንግሥት፣ መሥሪያ ቤትም ሆነ ሰው፣ ያቆየውን ሥራ ሌላ ሰው በራሱ ጉዳት ይከፍልለታል፤ ክፍያውን በጊዜው የሚፈጽም ግን ሥራውን ለማቆየት መብት አለው፤ ቃሉም ከተነገረበት ዕለት ጀምሮ እውነት ነበረ ይባልለታል።